የመሪጌታ ስንዴ ዜሮ ኪሎ መዘነ

«ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው እፈራለሁ። «ድራይቨር እጽፋለሁ» ስል ሰው ሁሉ ግራ ይገባዋል። «ለሹፌር ነው የምትጽፈው? ምን ብለህ?» ያለኝ አለ። «አይ፣ ድራይቨር ማለት ኮምፒውተር ከአንድ ዕቃ ጋር እንዲግባባ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው፤ ከርነል ውስጥ ነው የሚሠራው» ብዬ ላስረዳ ስሞክር ደግሞ ጭራሽ ይበላሻል። እናቴ እስከ ዛሬ ለጎረቤት የምታወራው «ልጄ ከአንድ ኮሎኔል ጋር ነው የሚሠራው» እያለች ነው። አላረምኳትም። ኮሎኔሉ በሰፈራችን ከእኔ ይበልጥ ይከበራል።

ለእናንተ ግን አንዴ ልንገራችሁና እንገላገል። ከርነል የኮምፒውተሩ ውስጠኛ ክፍል ነው። ሌላ ቦታ የሚሠራ ፕሮግራም ሲሳሳት ብቻውን ይወድቃል፤ ትዘጉታላችሁ፣ ትከፍቱታላችሁ፣ ያልፋል። ከርነል ውስጥ የተሳሳተ ግን ማሽኑን እንዳለ ይዞ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ እዚያ የሚጽፍ ሰው ጥንቁቅ፣ ዝግ ያለና ሁለቴ የሚያስብ መሆን አለበት ይባላል። እኔ ዝግ ያልኩ ነኝ። ሌሎቹን ሁለቱን ገና እየተማርኩ ነው።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። በጥር ወር አንድ ረጅም፣ ቀጭን፣ እስክሪብቶ ከጆሯቸው ላይ የማይለያቸው ሰው በራፌ ላይ ቆሙና፣ «ሚዛን ነገር ትችላለህ?» አሉኝ። አቶ ስማቸው ይባላሉ፤ አምበር ከተማ ያለ የአንድ ገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ኃላፊ ናቸው። ማኅበሩ ሁለት የኤሌክትሪክ ሚዛን ገዝቷል። አንዱ በመጋዘኑ ግራ በር፣ አንዱ በቀኝ በር ተቀምጧል። ሁለቱም መሀል ላይ ካለች አንዲት ሳጥን ጋር ተገናኝተዋል፤ ሳጥኗ ደግሞ ከኮምፒውተር ጋር። ችግሩ ሳጥኗና ኮምፒውተሩ አይግባቡም።

«የሚያግባባ ሰው እየፈለግን…» ብለው ሳይጨርሱ፣ «እኔ ነኝ!» አልኩ።

ስለ ሳጥኗ ትንሽ ካልነገርኳችሁ በኋላ የሚመጣውን ጉድ አትረዱልኝም። ሳጥኗ ሥራ ከመጀመሯ በፊት መንቃት አለባት። ለመንቃት አራት ሰከንድ ያህል ይፈጅባታል። በዚያች አራት ሰከንድ ሁለቱን ሚዛኖች ባዷቸውን ትለካና «ባዶ ማለት ይህ ነው» ብላ ትይዛለች። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ የምትመዝነው ከዚያ ባዶ ተነስታ ነው። በቃ፣ ከዚህ በላይ ማወቅ አያስፈልግም። እኔም ከዚህ በላይ አላውቅም ነበር።

አቶ ስማቸው ገና በመጀመሪያው ቀን፣ «ታዲያ ጠዋት መጋዘኑን ስንከፍት ቀስቅሰናት ቀኑን ሙሉ ነቅታ አትውልም?» ብለው ጠየቁኝ።

ቀላል ጥያቄ ነበር። ቀላል ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ የመምህርነት ዛር ይነሳብኛል።

«አይ ጋሽ ስማቸው! መብራት በቀን አምስቴ ይሄዳል። ያን ጊዜ በባትሪ ነው የምንሠራው። ሳጥኗ ነቅታ ከዋለች ባትሪውን ጥርግ አድርጋ ትበላዋለች። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ትተኛለች። ከዚያ የመጀመሪያው ሰው ሚዛኑ ጎን ያለውን በጣት የሚነካ መጫኛ ሲጫን ያኔ ትቀሰቀሳለች። እስክትፈለግ መተኛት! ዘዴው ይህ ነው።» እጄን እያወናጨፍኩ ሌላም ብዙ ተናገርኩ።

አቶ ስማቸው፣ «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አሉ።

አማርኛ ውስጥ ከዚህ የከበደ ዓረፍተ ነገር ያለ አይመስለኝም። ላዩ አደራ ነው፤ ውስጡ «ቢበላሽ እኔ የለሁበትም» ነው። እኔ ግን ላዩን ብቻ ይዤ ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለስኩ።

ሳጥኗንና አንዱን ሚዛን ክፍሌ አስመጥቼ ጥቂት ቀን ሠራሁ። ወንበር መዘንኩ። የአከራዬን የሽንኩርት ማዳበሪያ ለምኜ መዘንኩ። ራሴን መዘንኩ፤ ስልሳ ሁለት ኪሎ። ደስ ብሎኝ ለራሴ ምሳና አንድ ቢራ ጋበዝኩና ተመልሼ ወጣሁበት፤ ስልሳ ሦስት። ግራም አልሳተም! ያላሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ክፍሌ ውስጥ የነበርነው አንድ ሚዛንና አንድ ሰው ነን።

አምበር ግን ሁለት ሚዛንና ሁለት ሰው ነው ያለው። ግራውን በር የያዘው አለኸኝ ይባላል፤ ኩንታል እንደ ትራስ የሚያነሳ ጎልማሳ ነው፤ መጫኛውን ሲጫን ግን መዥገር የሚገድል ይመስላል። ቀኙን በር የያዘችው ማንጠግቦሽ ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ መዝገብ የምትይዝ፣ አንዲት ነጥብ የማታሳልፍ ሴት። እነዚህ ሁለት ሰዎች «በማን በር ብዙ ኩንታል ገባ» እየተባባሉ ቀኑን ሙሉ ይሽቀዳደማሉ። ይህን ቀድሜ ብሰማ ኖሮ ያን ዕለት ታምሜአለሁ ብዬ እቀር ነበር።

ማክሰኞ ሥራ ጀመርን። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። እንደታሰበው ሳጥኗ ተኛች። አለኸኝ መጫኛውን ገደለው። ማንጠግቦሽም ላለመቀደም ከአፍታ በኋላ የራሷን ተጫነች። በግራው ሚዛን ላይ «ጫን» የሚለው አረንጓዴ መብራት በራ፤ አለኸኝ ኩንታሉን ብድግ አድርጎ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠ። ቁጥሩ መቶ አለ። ከዚያ፣ ሁላችንም እያየነው፣ ዜሮ አለ።

የኩንታሉ ባለቤት መሪጌታ ጥበቡ ነበሩ፤ ከአምበር ወጣ ብሎ ባለ ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ፣ መሬታቸውን ደግሞ ራሳቸው የሚያርሱ ሽማግሌ። አገሩ ሁሉ «የኔታ» ነው የሚላቸው።

«አለኸኝ፣ እስቲ አንብብልኝ፤ ዓይኔ ደክሟል» አሉ ረጋ ብለው።

«ዜሮ ይላል፣ የኔታ።»

«ዜሮ ስንት ነው?»

«ምንም ማለት ነው።»

«አህያዬ ይህንን ብታውቅ ኖሮ መንገዱን ሙሉ እንዲያ አታቃስትም ነበር።»

ሮጬ ደረስኩ። ኩንታሉን አስነሳሁት። ባዶው ሚዛን ከዜሮ በታች መቶ አለ፤ ከፊቱ ሠረዝ ያለበት መቶ። «ትንሽ ነገር ናት፤ አሁን አሳያችኋለሁ» አልኩና ራሴ ወጣሁበት። ለምን እንደወጣሁበት እስከ ዛሬ አላውቅም። አለኸኝ ቁጥሩን አነበበና በሩቅ ላለው ሰልፍ እንዲሰማ አድርጎ ጮኸ፦

«ኢንጂነሩ ከባዶ ሠላሳ ስምንት ኪሎ ያንሳል!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አንዲት እናት «ኧረ ምሳ አብሉት!» አሉ። አቶ ስማቸው ግን አልሳቁም፤ ወደ መሪጌታ ጠጋ ብለው፣ «የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ ስንዴዎ ቀሎ እኮ አይደለም» አሉ።

«አውቃለሁ» አሉ መሪጌታ፣ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ ሳያነሱ፤ «የቀለለስ ሌላ ነው።»

ቅኔ አልተማርኩም። ይህኛው ግን መምህር አላስፈለገውም።

ማታውን ሳይሆን እዚያው በዚያው ምክንያቱን አገኘሁት፤ ለዚህ እንኳ አልታማም። የጻፍኩት ፕሮግራም መጫኛው ሲነካ «ሳጥኗ ነቅታለች ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። አልነቃችም ከተባለ ይቀሰቅሳታል፤ ቀስቅሶ ሲጨርስ «ነቅታለች» ብሎ ምልክት ያደርጋል። አለኸኝ ተጫነ፤ አልነቃችም፤ መቀስቀስ ተጀመረ። ገና ሳይጨረስ ማንጠግቦሽ ተጫነች፤ ምልክት የለም፤ ስለዚህ ለእሷም ሳጥኗ አልነቃችም ተባለ፤ ሁለተኛ መቀስቀስ ተጀመረ። የመጀመሪያው ሲያልቅ አለኸኝ ኩንታሉን ጫነ። ሁለተኛው ደግሞ የመሪጌታ ስንዴ እንደተቀመጠ ሚዛኑን ለካና «ባዶ ማለት ይህ ነው» አለ። መቶ ኪሎው ባዶ ሆነ። እኔም ከባዶ በታች ሆንኩ።

«ገብቶኛል! ሐሙስ ይስተካከላል» አልኩ።

ሐሙስ ተመለስኩ። ዘዴዬ ቀላል ነበር፤ ምልክቱን ወደፊት አመጣሁት። መቀስቀስ ሲጀመር ወዲያው «ነቅታለች» ተብሎ ይጻፍ፤ ሁለተኛው ሰው ያንን አይቶ ዝም ይላል። መሪጌታም ያንኑ ኩንታል በዚያችው አህያ ጭነው መጥተዋል።

«ሌላ ኩንታል የለዎትም እንዴ፣ የኔታ?» አልኳቸው።

«አለኝ። የዚህን መጨረሻ ሳላይ ሌላ አላመጣም።»

በዚህኛው ቀን ወደ ቀኝ በር ሄዱ። መብራት ሄደ። አለኸኝ ተጫነ፤ ማንጠግቦሽ ተጫነች። የእሷ አረንጓዴ መብራት ዓይን ሳይጨፈን በራ፤ ምክንያቱም «ነቅታለች» ተብሎ ተጽፏል። ሳጥኗ ግን ገና ዓይኗን እያሸች ነው። ማንጠግቦሽ ኩንታሉን አስጫነች፤ ሳጥኗ በዚያው ቅጽበት ባዶ መለካት ጀመረች።

መሪጌታ ቁጥሩን አላስነበቡም። «ዜሮ ነው አይደል?» ብለው ወደ አህያቸው ሄዱ። ደስ ያላቸው ይመስሉ ነበር።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ይዤ የመጣሁት ቁልፍ ነው። የብረት ቁልፍ አይደለም፤ ከርነል ውስጥም ቁልፍ የሚባል ነገር አለ። የያዘው ይገባል፤ ያልያዘው ይጠብቃል። ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው፣ የሚጠብቀው በሩ ላይ ቆሞ «ጨረስክ? ጨረስክ? ጨረስክ?» እያለ ያለ ዕረፍት ይጠይቃል። በሁለተኛው፣ የሚጠብቀው ይተኛል፤ ተራው ሲደርስ ይቀሰቅሱታል። እኔ በጥድፊያ የመጀመሪያውን መረጥኩ። የመጋዘኑ ኮምፒውተር ደግሞ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሥራ በላይ የማይችል ርካሽ ዕቃ ነው። መብራት ሲሄድና ሁለቱ ሲጫኑ ጠባቂው «ጨረስክ?» በሚለው ጥያቄ ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ ያዘው። ውስጥ ያለው ደግሞ ሥራውን የሚጨርስበት ተራ አጣ። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው መልስ ለመስጠት ተራ ይጠብቃል።

«ስታክ አድርጓል» አለች ማንጠግቦሽ።

አጥፍቼ አስነሳሁት። ደግሞ ስታክ አደረገ። ሰልፉ ከግቢው ወጥቶ አስፋልቱ ጫፍ ደረሰ። ሁለት ገበሬዎች አህዮቻቸውን አዙረው ለሌላ ገዢ ሊሸጡ ሲሄዱ አየሁ። ያን ጊዜ ሳቁ ቀረ። አቶ ስማቸው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። እዚያ በሸራ ተሸፍኖ የቆየው አሮጌው የብረት ሚዛን ሸራው ተገፎ፣ ዘይት ተቀብቶ ቆሟል።

«ኮሚቴው እስከ ቅዳሜ ብሏል» አሉኝ። «ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ሰው ይበዛል። ካልሆነ ወደዚህ እንመለሳለን። እኔ ነኝ ያመጣሁህ፤ ታውቃለህ።»

ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ በሁለተኛው ዓይነት ቁልፍ መጣሁ፤ ተኝቶ በሚጠብቀው። ኮምፒውተሩ ስታክ አላደረገም። ጠዋት ባዶውን ስንሞክረው ሠራ። ሁለተኛ ሞከርነው፤ ሠራ። ስልኬን አውጥቼ ለእናቴ «ተሳካ» ልላት ስል መብራት ሄደ፤ ሁለቱም ተጫኑ፤ የመሪጌታ ኩንታል ግራ ሚዛን ላይ ወጣ፤ መቶ አለ፤ ከዚያ ዜሮ አለ።

ራሴን በሁለት እጄ ይዤ እዚያው ኩንታል ላይ ተቀመጥኩ። እውነቴን ነው፣ ልቅሶ ልቅሶ አለኝ። መሬት መሬቱን ሳይ ማንጠግቦሽ መጣች።

«ኢንጂነር፣ የጻፍከውን በአማርኛ ታነብልኛለህ?»

«አይገባሽም» አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ አፈርኩ።

«ላንተ ገብቶህ ቢሆን ኩንታል ላይ አትቀመጥም ነበር» አለች፤ «አንብብልኝ።»

አነበብኩላት። እስክጨርስ ሰማችኝና፣ «እንዲህ በጆሮ አይሆንም» አለች። «ነገ ወረቀት ላይ ጽፈህ አምጣው። እኔና አለኸኝ ያለውን ብቻ እናደርጋለን። ያላለውን አናደርግም።»

ዓርብ ጠዋት የመጋዘኑ ግቢ ቴአትር ቤት ሆነ። የአቶ ስማቸው ቢሮ ሳጥኗ ሆነች። የቢሮው ቁልፍ ቁልፉ ሆነ፤ በሩ አጠገብ ካለች ምስማር ላይ ተሰቀለ። ከበሩ በላይ ደግሞ በአንድ ፊቱ «ተኝታለች»፣ በሌላው ፊቱ «ነቅታለች» የሚል ካርቶን ሰቀልን። ወረቀቴ እንዲህ ይላል፦ መጀመሪያ ካርቶኑን እይ፤ ነቅታለች ካለ ሂድና መዝን። ተኝታለች ካለ ቁልፉን ውሰድ፤ ሌላ ሰው ወስዶት ከሆነ ቁጭ ብለህ ጠብቅ። ቁልፉን ስታገኝ ግባ፣ ቀስቅስ፣ ባዶውን ለካ። ካርቶኑን ገልብጥ። ቁልፉን መልስ።

ሰልፈኛው ሁሉ ጭነቱን አውርዶ ከበበን። መሪጌታ ከፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አቶ ስማቸው ከኋላ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ።

«ጀምሩ!» አልኩ።

አለኸኝ ካርቶኑን አየ፤ ተኝታለች። ቁልፉን ወስዶ ገባ። ማንጠግቦሽ ካርቶኑን አየች፤ ተኝታለች። ቁልፉ የለም። ቁጭ አለች።

«ቆይ» አሉ መሪጌታ፤ «አልነቃም ብትልስ?»

«ማን?»

«ሳጥኗ ናታ። እንቅልፍ ቢከብዳትስ?»

«እንደሱ ከሆነ… ትቶ ይወጣል» አልኩ። ኮዱ ውስጥም እንደዚያ ነበር፤ ካልነቃች ውጣ ይላል።

«አልነቃም አለችኝ!» ብሎ አለኸኝ ከቢሮው ወጣ። ወረቀቱ ውጣ ካለ በኋላ ሌላ ስላልነገረው ቁልፉን ኪሱ ውስጥ እንደያዘ ቀጥ ብሎ የአንዲት ሴትዮ አህያ ሊያራግፍ ሄደ። ማንጠግቦሽ ቁጭ እንዳለች ነው። ጠበቅን። እሷም ጠበቀች። ጉንጯን በእጇ ደገፈች።

«እስከ መቼ ነው የምትጠብቀው?» አለ አንድ ገበሬ።

ወረቀቱን አየሁ። ኮምፒውተሩን ከፍቼ አየሁ። እስከ ዘላለም ነበር። ሳጥኗ አንድ ቀን አልነቃም ብትል መጋዘኑ በሙሉ ቁልፉ አለኸኝ ኪስ ውስጥ እንዳለ ይቀር ነበር። «ካልነቃችም ቁልፉን መልሰህ ውጣ» ብዬ ጻፍኩበት። ይህንኛውን ስህተት እኮ ማንም አልነገረኝም ነበር፤ ገና አልደረሰብንም።

«እንደገና!» አልኩ።

አለኸኝ ካርቶኑን አየ፤ ቁልፉን ወሰደ፤ ገባ። ማንጠግቦሽ ካርቶኑን አየች፤ ተኝታለች፤ ቁልፉ የለም፤ ቁጭ አለች። ውስጥ አለኸኝ «ተነሽ! ተነሽ!» እያለ ጠረጴዛውን ሲደበድብ ተሰማ። ወጣ። ካርቶኑን ገለበጠ፤ ነቅታለች። ቁልፉን ምስማሩ ላይ ሰቀለና ሄዶ የመሪጌታን ኩንታል ሚዛኑ ላይ አወጣ። ሁሉ ነገር ያምራል።

ማንጠግቦሽ ተነሳች። ቁልፉን አነሳች። ገባች። ከውስጥ ድምጿ ተሰማ፦ «ተነሽ! ተነሽ!»

«ቁሚ!» ብዬ ጮህኩ። «ምን እያደረግሽ ነው? ካርቶኑ እኮ ነቅታለች ይላል!»

አንገቷን በበሩ አወጣች። «አያለሁ። ከራሴ በላይ ነው የተሰቀለው።»

«ታዲያ ለምን ትቀሰቅሻታለሽ?»

«ወረቀትህ ካርቶኑን እይ ያለኝ ከመቀመጤ በፊት ነው። ያኔ ተኝታለች ይል ነበር። ከዚያ ጠብቂ አለኝ፤ ጠበቅኩ። ግቢና ቀስቅሺ አለኝ፤ ገባሁ። ቁልፉን ከያዝሽ በኋላ እንደገና እይ የሚል የት አለ?»

 ወረቀቱን ገለበጥኩት፤ ጀርባው ባዶ ነበር። የትም አልነበረም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያሳደድኩት፣ በሦስት ዓይነት መንገድ የሸሸኝ ስህተት አንገቱን በበር አውጥቶ ያነጋግረኛል።

«እና?» አሉ አቶ ስማቸው ከኋላ።

«አንዴ ደግማ ትይ» አልኩ። «ቁልፉን ከያዘች በኋላ፣ ከመቀስቀሷ በፊት፣ አንዴ ደግማ ትይ።»

«ይኸው ነው?» አለ አለኸኝ፣ ቅር ብሎት፤ ቴአትሩ ስላለቀበት ይመስለኛል።

ቅዳሜ ገበያው ሞላ። ፕሮግራሙ ተስተካክሏል። የሚቀረን መብራት እንዲሄድ ብቻ ነው፤ መብራቱ ግን አልሄድም አለ። በቀን አምስቴ የሚሄድ መብራት እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ቀጥ ብሎ በርቶ ቆየ። አለኸኝ «ቆጣሪውን ላውርደው?» አለ።

«አይሆንም» አሉ አቶ ስማቸው፤ «ራሳችሁ ስትሞክሩት ሁልጊዜ ይሠራላችኋል። በራሱ ይሂድ።»

ስለዚህ ጠበቅን። ሰልፈኛው ነገሩን ስላወቀ እሱም አብሮን ይጠብቃል። አንዳንዱ ወደ አምፖሉ እያየ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አምፖሉ ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ግቢው በእልልታ ተናወጠ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለወፍጮ ወፍጮው ቆሞበት፣ ዱቄት እንደለበሰ ሮጦ ወጣ።

«ምን ነካችሁ? መብራት እኮ ሄደ!»

«አዎ! ሄደልን!» አሉት፤ ደግሞ እልል አሉ።

አለኸኝና ማንጠግቦሽ እኩል ተጫኑ። እኔ የማንንም ፊት አላየሁም፤ ሁለቱን መብራቶች ብቻ ነው የማየው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ግራው አረንጓዴ ሆነ። የመሪጌታ ኩንታል ወጣ። ቀኙም አረንጓዴ ሆነ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን የግራውን ቁጥር አየን። ዜሮ አልሆነም። ቆመ። ዘጠና ዘጠኝ ላይ ቆመ።

«መቶ ነበር» አሉ መሪጌታ።

 አቶ ስማቸው በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ አሮጌው ሚዛን ከጥጉ ወጣ፤ ኩንታሉ ተሰቀለበት። ራሳቸው ጎንበስ ብለው አነበቡ። ቀና ሲሉ እስክሪብቷ ከጆሯቸው ላይ ወደቀች።

«ዘጠና ዘጠኝ።»

መሪጌታ ኩንታሉን ዞር ዞር ብለው አዩት። ከታች ጥጉ ላይ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ነበረች። ወደ አህያቸው ዞረው፣ «ስትመላለሺ የድካምሽን ወስደሻል» አሏት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ። «ልጄ፣ ከባድ ሰው ነህ።» በዚህኛውም መምህር አላስፈለገኝም።

ሰልፉ ሲቀልል አቶ ስማቸው ሪፖርት ጠየቁኝ። ሁለት ሳምንት የሠራሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፤ ከዚያ በላይ የሚጻፍ አልነበረም። እንደ ልማዳቸው ሁለቴ አነበቡት።

«‹ቁልፉ ከተያዘ በኋላ ነቅታለች ወይ ተብሎ በድጋሚ ይጠየቃል።› ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ድሮስ አይጠየቅም ነበር?»

«ይጠየቅ ነበር። አንዴ።»

«እና ሁለት ሳምንት የፈጀው ሁለተኛው ነው?»

«አዎ ጋሽ ስማቸው።»

እስክሪብቷን ከጆሯቸው ላይ አወረዱ። ከዚያ ፈረሙ።

ልሄድ ስል ማንጠግቦሽን ጠርቼ ኮዱን ስክሪኑ ላይ አሳየኋት። ከዚያች ከተጨመረችው መስመር በላይ አንዲት ማስታወሻ ጽፌ ነበር፦ «ማንጠግቦሽን ሳትጠይቅ ይህችን መስመር እንዳታጠፋ።»

ጎንበስ ብላ ስሟን ከሌሎቹ እንግዳ ፊደሎች መሀል ፈልጋ አገኘችው።

«ኮምፒውተሩ ይህንን ያነበዋል?»

«እሱ ይዘለዋል። ነገ ከእኔ በኋላ የሚመጣ ሰው ነው የሚያነበው።»

«ሊጠይቀኝ ቢፈልግስ የት ያገኘኛል?»

 በበሯ በኩል ሦስት አህያ ጭነቱን እንደያዘ ቆሟል፤ ባለቤቶቹም ይጠሯታል። እየሄደች ዞር ብላ፣ «ቀኝ በር በልበት» አለችኝ።

ተቀመጥኩና «ቀኝ በር» ብዬ ጨመርኩበት።